ከበሮ በሰው እጅ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሰውን ሙያ ለሚንቅ ተግሣጽ ነው። በየግቢው ግን ትርጉሙ ዞሮ የሰነፍ መጠለያ ሆኗል፤ ከበሮው በሰው እጅ እስካለ ይጨበጨብለታል፣ «እንካ ያዝ» ሲባል ሁሉም ይሸሻል። ነገሩን በቅጡ ለመመርመር አንድ የሩቅ ከተማ በዓል አጠገባችን ካለው ጋር ብናስተያይ ይጠቅማል እንላለን።

በሰሜን ስፔን ሳን ሴባስቲያን የምትባል ከተማ አለች፤ ባስኮቹ በቋንቋቸው ዶኖስቲያ ይሏታል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 20 የቅዱስ ሰባስቲያንን ቀን በከበሮ ታከብራለች። ቀኑ በአብዛኞቹ ዓመታት የእኛ ጥር 12 ላይ ይውላል። እኛ የሚካኤልን ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ስንሸኝ እነሱም በየመንገዳቸው ይደልቃሉ ማለት ነው። በዓሉን በተቀረጸ ፊልም ደጋግመን ተመልክተነዋል። እኩለ ሌሊት ሲሆን በአሮጌው ሰፈር አደባባይ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ከበሮው ይጀመራል፤ እስከሚቀጥለው እኩለ ሌሊት፣ 24 ሰዓት ሙሉ፣ ከመቶ የሚበልጡ ቡድኖች እየተቀባበሉ ይመቱታል።

ከምቱ ይልቅ እኛን የሳበን የመቺው ማንነት ነው። ግማሹ የናፖሊዮን ዘመን ወታደር ልብስ ለብሷል። ሌላው ነጭ ቆብና ሽርጥ ያደረገ ወጥ ቤት ነው፤ የሚመታውም ትንሽ የእንጨት በርሜል ነው። ያቺ ከተማ በ1813 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በፖርቱጋል ጦር እጅ ተቃጥላለች። ዛሬ ልጆቿ የወታደሩን ከበሮ ይዘው ሲያልፉ ወጥ ቤቱ ከጎናቸው ሆኖ በበርሜሉ ይመልስላቸዋል። የጦሩ ከበሮ ወደ ማድ ቤት ወርዶ ጨዋታ ሆነ! የበዓሉ ኪነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በቀትር ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የትምህርት ቤት ልጆች ይወጣሉ። ሴቶችስ? ለረጅም ዘመን አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው መምታት የጀመሩት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ስንል በዓሉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚደጋገሙት በአብዛኛው ራይሙንዶ ሳሪዬጊ የተባለ የከተማዋ ተወላጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረሳቸው ማርሾች ናቸው። ለሰልፍ እርምጃ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ጆሮ ቶሎ ይጠግባቸዋል። የእኛ ማኅሌት በዚህ በኩል እጅግ ይልቃል። በቁም ዜማው ከበሮው ዝም ይላል። በዝማሜው መቋሚያው ይናገራል። በመረግድ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ በጽፋት ይፈጥናል፣ መጨረሻ ላይ ቸብቸቦው ሰውን ሁሉ ያነሣዋል። ዝምታን የምቱ መነሻ ያደረገ የሙዚቃ ሥርዓት ነው። ከበሮው ራሱም ይነበባል፦ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ የግርፋቱን ሰንበር ያስታውሳል። ድርሰት ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘን ምን ጎደለን? የጎደለን እጅ ነው። ነጋሪትን እንውሰድ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን አዋጅ የሚሰማው በነጋሪት ድምፅ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ «ነጋሪት» የሕግ ጋዜጣ ስም ሆነ። ዶኖስቲያ የወታደሩን ከበሮ ለወጥ ቤቱና ለልጁ ስትሰጥ እኛ የንጉሡን ነጋሪት ለወረቀት ሰጠነው። ስሙ ቀረልን፤ አመታቱን የሚያውቅ ግን ስንት ሰው ነው?

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በሊቃውንቱ እጅ፣ የሰርጉ ከበሮ በእናቶቻችን እጅ አሁንም በሕይወት አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ከበሮ አንግተው ሲመቱ ማየትም የተለመደ ነው። የሚያሳስበን ከዚያ ውጭ ያለው ነው። በየግቢው «የባህል ምሽት» በሚባለው መድረክ ከበሮው ለጌጥ ይቀመጣል፤ ምቱን የሚያሰማው የድምፅ ማጉያው ነው። ወጣቱ እስክስታውን ለተቀዳ ሙዚቃ ይመታል፣ ተመልካቹ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል። በበኩላችን ይህን ባህል ማሳየት አንለውም። ልብሱን አሳይቶ ሙያውን መደበቅ ነው።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዝገብ ከበሮ አይመታም። መረግድን ከጽፋት የሚለየው የእጅ ክብደት ከመምህር እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ ካልሆነ በቀር በሌላ አይተላለፍም። አንድ ትውልድ እጁን ከሰበሰበ ቀጣዩ የሚወርሰው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለኪነት ጓደኞቻችን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በሚቀጥለው የባህል ምሽት ማጉያው ይዘጋና ከበሮው በተማሪ እጅ ይመታ፤ ቢሳሳትም ይሳሳት። ሁለተኛ፣ የሰርግ ከበሮ የሚያውቁ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር እናቶች በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ይጋበዙ። ተረቱ «ሲይዙት ያደናግር» አለ እንጂ «አትያዙት» አላለም።