ስቱዲዮ የገባ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ

ስቱዲዮ ክፉ ፈተና ነው። ዓመታት ሙሉ ጠጪ ፊት ሲጫወት የኖረን ሙዚቀኛ አንድ ቀን ጸጥ ያለ ክፍል ያስገቡትና «በል እንዳሻህ ሁን» ይሉታል። እንዳሻው ሲሆን ነው እንግዲህ የሚጠፋው። ቫዮሊን ይጨምራል፣ ድምፁን በድምፁ ላይ ይደራርባል፣ ሲወጣ የገዛ ጓደኞቹ አይለዩትም።

«ዶክተር ፊልጉድ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም፣ «ዳውን ባይ ዘ ጄቲ»ን፣ ደጋግሜ የምሰማው ይህን ፈተና ስላለፈ ነው።

ዘመኑ የግዙፍ ሥራ ዘመን ነበር። «የስ» የተባለው ባንድ በ1973 መጨረሻ ሁለት ሸክላ አውጥቶ በሁለቱም ላይ የነበሩት ዘፈኖች አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ዘፈን የሸክላውን አንድ ፊት ይሞላል። መቼም ችሎታቸውን የሚክድ የለም። ግን ከሥራ ወጥቶ አንድ ቢራ ሊጠጣ የገባ ሰው ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል? ለዚህ ሰው የሚጫወቱ ባንዶች ከ1971 ጀምሮ በለንደን መጠጥ ቤቶች ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ሙዚቃቸውም «ፐብ ሮክ» ተባለ። ፊልጉዶች እዚያ ሲደርሱ እንግዳ ነበሩ፤ የመጡት ከካንቪ ደሴት ነው። ካንቪ ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ከባሕር ወለል ዝቅ ብላ በግንብ ታጥራ የምትኖር፣ የነዳጅ ማከማቻ የሞላባት ቦታ ናት። በ1953 ግንቡ ተጥሶ ከ50 በላይ ነዋሪዎቿን ውኃ ወስዷል። ጊታሪስቱ ዊልኮ ጆንሰን ያን ጊዜ ሕፃን ነበር።

ይህ ዊልኮ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠና፣ የጥንት አይስላንድ ሳጋዎችን ያነበበ፣ መምህርም የነበረ ሰው ነው። (የቀድሞ ሙያዬ ያዳላል ብትሉኝ አልከራከርም።) ሳጋ የሰውን ሆድ አይተርክም፤ ሰውየው ሄደ፣ አየ፣ እንዲህ አለ ብሎ ያልፋል። «ሮክሴት»ን ስሙት። ፍቅረኛውን ከሌላ ጋር ያየ ሰው ያየውን ለራሷ ይነግራታል፤ ልቅሶ የለ፣ ስለ ልብ መሰበር ስብከት የለ። ቅናቱ ያለው ጊታሩ ውስጥ ነው። ዊልኮ ክሩን በባዶ ጣቱ እየመታ አጃቢውንም መሪውንም ጊታር በአንድ እጅ ይጫወታል፤ ድምፁ እንደ መጋዝ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የአልበሙ ስም የተወሰደበት «ኦል ስሩ ዘ ሲቲ» ደግሞ ቀና ብሎ የነዳጅ ማጣሪያውን ማማዎች ያያል። የአሜሪካን ብሉዝ የሚጫወት እንግሊዛዊ ስለ ሚሲሲፒ መቃዠት ሲችል የገዛ ሰፈሩን ነዳጅ መዝፈኑን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ከ13ቱ ዘፈኖች 9ኙ የእሱ ናቸው። ከተውሶቹ መካከል የጆን ሊ ሁከር «ቡም ቡም» ባይኖር አይጎድልም ነበር፤ ሁከር ራሱ እያለ ለምን?

አዘጋጁ ቪክ ሜይል ድምፁን አላሳመረም። አልበሙ የወጣው በሞኖ ነው። ስቴሪዮ ተራ ነገር በሆነበት ጊዜ ማለት ነው፤ ሽፋኑም ጥቁርና ነጭ። አንዳንዱ ይህን የጥንት ናፍቆት ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። አራት ሰዎች በጠባብ መድረክ ተጠጋግተው ሲጫወቱ ድምፃቸው ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ በቃ።

የጎደለ የለም አልልም። ዘፋኙ ሊ ብሪሎ ጉሮሮው ሻካራ፣ ሃርሞኒካው ደህና ነው፤ ኃይሉ ግን ዓይን ለዓይን ነበር። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው የምለው ይገባዋል። ያን ሸክላ አይዘውም። ባንዱም ይህን ያወቀ ይመስል የመጨረሻውን ቁራጭ ከስቱዲዮ ሳይሆን ለንደን ዲንግዎልስ ከተባለው ክለብ፣ ከነጩኸቱ አምጥቶ ለጥፎታል። ሕዝቡም ፍርዱን ሰጠ፤ ይህኛው አልበም ሰንጠረዥ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ በ1976 መድረክ ላይ የተቀዳው «ስቱፒዲቲ» በብሪታንያ 1ኛ ወጣ። የኔ ምርጫ አሁንም የፊተኛው ነው፤ በኋለኛው ጭብጨባው ብዙ ነው፣ የዊልኮን ቃል ይሸፍናል።