የእንግዳ ክፍል ግድግዳ፤ በዐሲርና በሐረር የሴቶች ጌጥ ላይ የቀረበ ሂስ

ከቀይ ባሕር ማዶ፥ በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በዐሲር ደጋ፥ ሴቶች የቤታቸውን የውስጥ ግድግዳ በልዩ ልዩ ቀለም የሚያስጌጡበት አንድ የታወቀ ጥበብ አለ። የአገሩ ሰዎች «ቀጥ» ይሉታል። ቃሉ ለዐማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ቀጥ ያለ» የሚለውን ያስታውሰዋል፤ በቃላቱ መካከል ዝምድና መኖር አለመኖሩን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ባይሆንም፥ የጥበቡ መሠረት ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ግን እርግጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ከዚያ ወዲህ ምስጋናው በዝቷል፤ ጌጡም ከግድግዳ አልፎ በሸራ፥ በሸክላ ዕቃ፥ በልብስና በሆቴል አዳራሽ ላይ ይታያል።

ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጋና ብቻውን ሂስ አይሆንም። አንድ ጌጥ በብዙ ቦታ መታየቱ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናልን? ወይስ ጌጡ ተርፎ ጥበቡ ሊሞት ይችላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የዐሲርን ግድግዳ ከአንድ ለእኛ ከሚቀርብ ግድግዳ ጋር፥ ማለትም ከሐረር ከተማ ነባር ቤት የውስጥ ግድግዳ ጋር አስተያይተን እንመለከታለን። ሁለቱም ደጋማ አገሮች ናቸው፤ ሁለቱም እስላማዊ ባህል የጸናባቸው ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ የቤቱን ቅርፊት የሚሠራው ግንበኛ ሲሆን፥ ቤቱን ለእንግዳ ዐይን የምታበቃው ግን የቤት እመቤት ናት።

አስቀድመን ወደ ዐሲር እንግባ። ነባሩ የዐሲር ቤት ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፥ ግድግዳው ወፍራም፥ መስኮቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ብርሃን በውስጡ ውድ ነገር ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን በመጀመሪያ በነጭ ጄሶ ይለስኑታል፤ ይህም ጥቂቱን ብርሃን ይዞ በክፍሉ ውስጥ እንዲያሠራጭ ያደርገዋል። በነጩ ላይ አግድም የሚሄዱ መስመሮች ይሰመራሉ፤ በመስመሮቹም መካከል ሦስት ማዕዘን፥ ዐልማዝ መሰል አራት ማዕዘን፥ ማበጠሪያ የሚመስል ጥርሳም ቅርጽና ነጠብጣብ ይሞላል። በዚህ ዐይነት የሚጌጠው በተለይ እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ነው።

የአሠራሩም ሥርዐት ከመልኩ ያላነሰ ሊስተዋል ይገባዋል። እመቤቲቱ ሥራውን ብቻዋን አትሠራውም። ዘመዶቿን፥ ትልልቆቹንም ትንንሾቹንም፥ ወደ ቤቷ ትጠራለች። እጇ የሠለጠነው ሴት መስመሩን ታሰምራለች፥ የቀለሙንም ቦታ ትወስናለች፤ የቀሩት የተወሰነውን ይሞላሉ። ልጃገረዷ ዛሬ የምትሞላውን ነገ ታሰምረዋለች። ስለዚህ ያ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ጌጥም፥ ትምህርት ቤትም፥ የዝምድና መዝገብም ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሥራ በሥዕል ሚዛን ብንመዝነው ዋነኛ ብርታቱ ልከኝነቱ ነው። ቀለሞቹ፥ ቀዩ፥ ቢጫው፥ ሰማያዊውና አረንጓዴው፥ እያንዳንዳቸው ብርቱዎች ናቸው፤ ቢለቀቁ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ግን በመስመር ታጥረው ስለሚቀመጡ አንዱ የሌላውን ድንበር አይገፋም። ዐይን በአንድ ማዕከል ላይ እንዲተከል የሚያስገድድ ሥዕል የለም፤ ዐይን ከመስመሩ ጋር በክፍሉ ዙሪያ ይሄዳል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ለሚጨዋወት እንግዳ ከዚህ የተሻለ ግድግዳ ማሰብ ያስቸግራል። ግድግዳው ጨዋታውን ያጅባል እንጂ አያቋርጠውም።

ድካሙም ከዚሁ ከብርታቱ ይመነጫል። የገበያ ቀለም እንደ ልብ ሲገኝ፥ ነጩን መሬት ሁሉ የመሙላት ፈተና ይመጣል። ነጩ ከጠፋ ግን ቀለማቱን የሚያስታርቃቸው ዳኛ ይጠፋል። እንዲህ የሆነው ሥራ ብዙ ድካም ያሳያል፤ ዕረፍትን ግን አይሰጥም።

ስለዚህ ጥበብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ይኸውም የምልክቶች መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። ሦስት ማዕዘኑ ተራራ ነው ይላል አንዱ፤ የለም፥ ልጃገረዶችን ያመለክታል ይላል ሌላው። ይህ ዐይነቱ አተረጓጎም ለጎብኚ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሂስን ያሰንፋል። ቅርጹ በብቻው የተቆለፈ ሣጥን፥ ትርጓሜውም ቁልፍ እንደ ሆነ ያስመስላል። በሐረርም የዚህ አቻ አለ። በነባሩ ቤት ውስጥ መደቦቹ የሚቀቡት ቀይ አፈር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በአሚር ዐብዱላሂና በንጉሥ ምኒልክ ጦር መካከል በተደረገው ውጊያ የወደቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ተብሎ ይነገራል። ይህን የሚናገሩት የከተማው ሰዎች ራሳቸው ስለ ሆኑ አነጋገሩ ሊከበር ይገባል፤ ሐዘንን በየቤቱ ወለል ላይ ማኖር ትልቅ ነገር ነውና። ሆኖም ሐያሲ በዚህ ሊረካ አይገባውም። ቀዩ መደብ ከነጩ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ በክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሐረርን ክፍል ይህን ጥያቄ ይዘን ስንገባበት መልሱን ራሱ ይሰጠናል። በሐረሪ ቋንቋ «ጊዲር ጋር» የሚባለው ትልቁ ክፍል ከፍታቸው ልዩ ልዩ የሆነ አምስት መደቦች አሉት። መደቡ «ነደባ» ይባላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ባለ መብት አለው። «አሚር ነደባ» የክብር ስፍራ ነው፤ «ጢት ነደባ» ትንሹ ነው፤ «ሱትሪ ነደባ» የተሰወረው ነው። ቀዩ ቀለም ሰው የሚቀመጥበትን ሁሉ ይይዛል፤ ነጩ ኖራ ሰው የሚደገፍበትንና የሚያየውን ይይዛል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ማንም ሳይነግረው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ቀለሙ የማዕርግ ሥርዐት አስተማሪ ነው።

ታዲያ በሐረር የግድግዳው ጌጥ ወዴት አለ? ጌጡ አልተቀባም፤ ተሰቅሏል። በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹት መስኮት መሰል ጎድጓዳ ስፍራዎች መጻሕፍትንና ዕቃዎችን ይይዛሉ፤ ከነሱም በላይና በመካከላቸው በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶች በተራ ይሰቀላሉ። እያንዳንዱ ስፌት ከመካከሉ ወደ ጠርዙ የሚዞር የቀለማት ቅንብር አለው፤ ስፌቶቹም በግድግዳው ላይ በተራ ሲሰለፉ ሁለተኛ፥ ከፊተኛው የሚሰፋ ቅንብር ይሆናሉ። ከጊዜ በኋላ በንግድ የመጡ አበባማ የብረት ሳሕኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች በዚሁ ሰልፍ ገብተዋል። አንዳንድ ሰው ሳሕኖቹን የጥበቡ መበላሸት ምልክት አድርጎ ያያቸዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሰልፉ ጸንቶ እስካለ ድረስ አዲሱ ዕቃ እንደ አዲስ ቃል ነው፤ ቋንቋው ይቀበለዋል። ስፌት ሁሉ ተነሥቶ ሳሕን ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የእመቤቲቱ እጅ ከግድግዳው ላይ ይጠፋል፥ የሚቀረውም የመግዛት ዐቅሟ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱን ብናነጻጽር እንዲህ ይሆናል። በዐሲር ጌጡ ከግድግዳው ጋር አንድ ሥጋ ነው፤ በሐረር ጌጡ የግድግዳው እንግዳ ነው። ይህ ልዩነት የመልክ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በሃያኛው ምዕት ዓመት በሁለቱም አገሮች ሰዎች ከነባር ቤታቸው ሲለቁ ትርጉሙ ተገለጠ። በዐሲር በ1970ዎቹ የነዳጅ ሀብት ሲመጣ ሰዎች ወደ ሲሚንቶ ቤት ገቡ። በጭቃው ቤት የቀረው ጌጥ የሚያድሰው እጅ አጥቶ ከግድግዳው ጋር መፈራረስ ያዘ። በሐረር በኩል ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በነዚያም ዓመታት ብዙ የሐረሪ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። እነዚህ ቤታቸውን ትተው ሲሄዱ ስፌቱን ግን መያዝ ይችሉ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በሚገኝ ተራ የኪራይ ቤት ግድግዳ ላይም ስፌቱ ሊሰቀል ይችላል፤ መደብ ባይኖርም ሰልፉ አለ።

ከዚህ ተነሥቶ የሐረሩ መንገድ ይሻላል፥ የሚንቀሳቀስ ጌጥ አይሞትም የሚል ቢኖር ግን በችኮላ ፈርዷል። የተሰቀለው ስፌት ቤቱን ሲለቅ ማዕርጉን ጥሎ ይሄዳል። አምስቱ መደቦች በሌሉበት፥ ማን ከየትኛው ስፌት በታች ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም፤ ስፌቱ የክፍሉ ሥርዐት አካል መሆኑ ቀርቶ የትውልድ አገር መታሰቢያ ይሆናል። መታሰቢያ መሆን ውርደት አይደለም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሥራው የተለየ ሥራ ነው። የዐሲሩም እንደዚሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ያረፉት የሪጃል አልማዕ ተወላጅ ወይዘሮ ፋጢማ አቡ ጋሐስ ጥበቡ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ ለታናናሾቻቸው በማስተማር ያደረጉት አገልግሎት ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ጌጡ ዛሬ በሸራ ላይ መታየቱ ከሳቸውና ከመሰሎቻቸው ድካም የተገኘ ነው። ሆኖም ሸራው ዘመድ አይጠራም። በሸራ ላይ የምትሠራ ሠዓሊ፥ አሁን ደግሞ ወንዶችም ይሠሩታል፥ ብቻዋን ጀምራ ብቻዋን ልትጨርስ ትችላለች። መስመር የምታሰምረው አሮጊትና ቀለም የምትሞላው ልጃገረድ በአንድ ግድግዳ ፊት የሚቆሙበት ምክንያት ከጠፋ፥ የቀረው መልክ የቱንም ያህል ቢያምር የጥበቡ ግማሽ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ላይ የሚያመጣው ጉዳይ አለ። የሐረር ግንብ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ 82 መስጊዶቿና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮቿ ተቈጥረዋል፤ የቤቶቿም የውስጥ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ተመስግኗል። መስጊድና መካነ መቃብር ግን ሊቈጠር ይችላል፤ የቤት ውስጥ ጌጥ ሊቈጠር አይችልም፤ በየጊዜው ካልታደሰ የለምና። ሕንጻን መጠበቅ ይህን አያስገኝም። እንዲያውም ለጥበቃ ተብሎ የሚሠራው ሥራ ሊጐዳው ይችላል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በኖራ ሲለሰን ርጥበት ይወጣለታል፤ በሲሚንቶ ሲለሰንና በዘይት ቀለም ሲቀባ ግን ርጥበቱ በውስጡ ታፍኖ ልስኑን ይልጠዋል። ዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ ስለሚቈይ ደግሞ ዓመታዊውን ዕድሳት፥ ዕድሳቱም የሚሰበስባቸውን እጆች አላስፈላጊ ያደርጋል። የድካም መቅለል በጎ ነገር ነው፤ ድካሙን ትሸከም የነበረችው ሴት ናትና፥ ከሩቅ ቆመን ወደ ኖራው ትመለስ ብለን የመፍረድ መብት የለንም። ግን ከድካሙ ጋር ምን እንደ ሄደ ማወቅና መመዝገብ ይገባናል።

ስለዚህ የቤት ጥናት የሚያደርግ ተመራማሪ የግድግዳውን ውፍረትና የመደቡን ከፍታ ለክቶ፥ የቅርጾቹንም ትርጓሜ ጠይቆ ቢመለስ ሥራውን ጨርሷል አይባልም። ግድግዳው መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ለየትኛው በዓል ወይም ለየትኛው ሰርግ? ማን ጠራ፥ ማንስ መጣ? መስመሩን ማን አሰመረች፥ ማንስ ሞላች? የትኛው ስፌት ከማን እጅ ወጣ፥ ለምንስ በዚያ ስፍራ ተሰቀለ? እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልሱ የሚችሉት በብዛት አሮጊቶች ናቸው፤ ወንድ ተመራማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረው የቤቱን አባወራ ነው። በሐረርም ሆነ ጥበቡ ባለበት በማናቸውም ስፍራ፥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሴት ተማሪዎችን ማሠልጠን ከማናቸውም የቀለም ጥገና ሊቀድም ይገባዋል። ግድግዳው ፈርሶ ሊታነጽ ይችላል፤ መስመሩን ማን እንዳሰመረች የሚነግር ሰው ከታጣ ግን መልሶ የሚያንጸው የለም።