የፍልፈል ክንድ ምስክርነት

ከዋሻ ወይም ከጥንት ወንዝ ደለል የተዛቀ አፈር በደቃቅ ወንፊት ላይ ይታጠባል። የቀረው ደርቆ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲለቀም ጥርስ፣ የመንጋጋ ስባሪና የእንቁራሪት አጥንት ይገኝበታል። በመሃሉ የመጥረቢያ ራስ የሚመስል አጭርና ሰፊ አጥንት ብቅ ካለ ባለሙያው ብዙ አያመነታም፤ የፍልፈል የላይኛው ክንድ ነው።

ይህ ፍልፈል በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይደለም። የባሌው ከአይጥ ወገን ነው፤ ሲቆፍርም የፊት ጥርሱን ይጠቀማል። የአውሮፓው፣ የእስያውና የሰሜን አሜሪካው ግን ትልና ነፍሳት በል ነው፤ አፈሩን ክንዱን እያሽከረከረ ወደ ጎን ይገፋል። አጥንቱ የሰፋው ብርቱ ጡንቻዎች የሚጣበቁበት ቦታ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። በቻይና ተራሮች የሚኖሩት ቆፋሪ ያልሆኑ ዘመዶቹ ክንዳቸው ቀጭን ነው።

እንግዲህ ክንድ የእንስሳውን ኑሮ ይናገራል። ዘሩን ግን ብቻውን አይናገርም።

በአፍሪካ ደቡብ የሚኖረው ወርቃማ ፍልፈል በዝምድናው ከአውሮፓው ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። የአውስትራሊያው ደግሞ እንደ ካንጋሮ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ ነው። ሦስቱም ለቁፋሮ የሚሆን ብርቱ ክንድ ያወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ወደ ጥርሱ ይሄዳል፤ የመንጋጋ ጥርሱን ሸንተረሮች ያያል፣ ክንዱ ከትከሻና ከክርን ጋር የሚገጥምባቸውን ቦታዎች ይለካል፣ በሙዚየም ካሉ አጥንቶች ጋር ያስተያያል።

መጠንም ያታልላል። በአውሮፓው ፍልፈል ወንዱ ከሴቷ ይገዝፋል፤ ትንሽ አጥንት ያገኘ ሰው ሴቷን አዲስ ዝርያ ብሎ ሊሰይማት ይችላል። «ታልፓ ፎሲሊስ» የተባለው የጠፋ ዝርያ ዛሬ ካለው የአውሮፓ ፍልፈል በእርግጥ ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው ክርክር የቆየውም ልዩነታቸው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ትልቁ ጣጣ አጥንቶቹ ተበታትነው መገኘታቸው ነው። በአንድ ሥፍራ ሁለትና ሦስት ዓይነት ፍልፈሎች ሲቀላቀሉ የትኛው ጥርስ ከየትኛው ክንድ ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ያስቸግራል። በስፔን ካታሎኒያ፣ ካምፕ ዴልስ ኒኖትስ በተባለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ደለል የተገኘው ግኝት የተወደደው ለዚህ ነው፤ የአንድ ፍልፈል መንጋጋና የእጅና የእግር አጥንቶች አብረው ተቀብረዋል። አጥንቶቹ በቀላሉ የሚሰባበሩ ስለነበሩ ተመራማሪዎቹ በሲቲ ስካን አጠኗቸውና እንስሳውን እ.ኤ.አ. በ2025 «ቩልካኖስካፕቶር ኒኖቲ» ብለው ሰየሙት። ዕድሜው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የተመደበው ስካሎፒኒ በተባለው ነገድ ውስጥ ሲሆን የዚህ ነገድ ሕያዋን አባላት ዛሬ በሰሜን አሜሪካና በቻይና ብቻ ይገኛሉ፤ በአውሮፓ አንድም አልቀረም።