ሞሪስ ያስደለደለው አፈር
በፔንስልቬንያ፣ ሳውዝ ፎርክ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ከተራራው ጋር ተጣብቀው የቆሙ ሁለት የአፈር ክምሮች አሉ። የአንድ ግድብ ግራና ቀኝ ጫፎች ናቸው። መሃሉን ውሃ ወስዶታል፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 በዚያ ክፍተት የወጣው ሐይቅ ሸለቆውንና የጆንስታውንን ከተማ ጠርጎ ከ2,200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስለ ዕልቂቱ ብዙ ተጽፏል። ጫፎቹ ግን ከ130 ዓመት በላይ ዝናቡንና በረዶውን ችለው የቆዩት በአጋጣሚ አይደለምና፣ የሠራቸውን እጅ ማመስገን ይገባል።

ያሠራው የፔንስልቬንያ ግዛት መንግሥት ነው፤ ጀልባዎች የሚመላለሱበት ቦይ በበጋ ውሃ እንዳያጣ። መሐንዲሱ ዊሊያም ሞሪስ ነበር። ሥራው በገንዘብ እጦት ለዓመታት ቆሞ በ1853 አለቀ፤ ቁመቱ 22 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ280 ሜትር በላይ።

አፈሩ በአንድ ጊዜ አልተከመረም። 60 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት እየተነጠፈ ተጠቀጠቀ፣ ተዳመጠ፤ ከዚያም ስስ ውሃ ተኝቶበት እንዲቆይ ተደረገ። የምርጊት ጭቃ ከጭዱ ጋር ተቦክቶ እንደሚያድር ሁሉ፣ ይህም አፈር ውሃውን ጠጥቶ ቀዳዳውን እስኪደፍን ይጠበቃል እንጂ ቀጣዩ ንጣፍ አይጫንበትም። እንዲህ እያለ 22 ሜትር መድረስ ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል! የውጭው ገጽ ደግሞ ከባድ ድንጋይ ለበሰ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የውሃው መውጫ ነው። ትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው የተፈለፈለው በግድቡ አፈር ላይ ሳይሆን ከዳር ባለው የተራራ ዐለት ውስጥ ነው፤ ዐለት እንደ አፈር በቀላሉ አይሸረሸርም። ከግድቡ ሥር ደግሞ በድንጋይ በተገነባ መተላለፊያ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው 5 የብረት ቧንቧዎች ነበሩ፤ ሐይቁን በፈለጉ ጊዜ ዝቅ የሚያደርጉበት። የአፈር ግድብ የሚገፋውን ውሃ ይችላል፤ በአናቱ የሚሻገረውን ግን አይችልም። ሞሪስ ይህን አውቆ ለውሃው ሁለት በር ሰጠው።

ባቡር ቦዩን ዋጋ ሲያሳጣው ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። አንዱ ባለቤት ቧንቧዎቹን ነቅሎ በአሮጌ ብረት ዋጋ ሸጣቸው። በ1879 የያዘው፣ እነ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ፍሪክ አባል የሆኑበት የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ሐይቁን መዝናኛ አደረገው። ቀድሞ ተንዶ የነበረው መሃሉ በድንጋይና በጭቃ፣ በቅርንጫፍና በድርቆሽ ተደፈነ። ሠረገሎች እንዲተላለፉበት አናቱ ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት ተተከለ።

በ1880 የጆንስታውን የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ጆን ፉልተን ግድቡን መረመረ። ዋና ብሎ የጻፋቸው ጉድለቶች ሁለት ናቸው፦ ውሃውን ዝቅ የሚያደርግ ቧንቧ አለመኖሩና የጥገናው አለመጽናት። የፋብሪካው ኃላፊ ዳንኤል ሞረል ግድቡ በሚገባ ከተጠገነ ወጪውን እንጋራለን ሲል ለክለቡ ጻፈ። ክለቡ አልተቀበለም።