220 ሲቀነስ ዕድሜ፦ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት በአንዲት ቀመር ሲፈተን

ስፖርት ሳይንስ ልትማሩ ካሰባችሁ «ጂም ለማሠራት ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ዩኒቨርሲቲው በሚያስተምርበት መንገድ ይወሰናል። እስቲ አንዲት ቀመር ወስደን እንየው።

«ከፍተኛ የልብ ምት ማለት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው።» ይቺን ቀመር የጂም ግድግዳም፣ የሌክቸር ኖትም ላይ ታገኟታላችሁ። ግን ከየት መጣች? እ.ኤ.አ. በ1971 ፎክስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ፣ ከሌሎች ጥናቶች ከተለቀመ መጠነኛ መረጃ ላይ የተሰመረች መስመር ናት። ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ ሙከራ የወጣች አይደለችም። በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ 351 ጥናቶችን፣ ማለትም የ18,712 ሰዎችን መረጃ፣ አጠቃለው ሌላ ቀመር አቀረቡ፦ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። ለ60 ዓመት ሰው የድሮው 160 ሲል አዲሱ 166 ይላል።

«እሺ፣ አዲሱን እንሸምድዳ!» እንዳትሉ። እሱም ቢሆን አማካይ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ፣ ቀመሩ ከሚሰጠው ቁጥር በደቂቃ ከ10 ምት በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

ይሄ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤታ ብሎከር የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ የ60 ዓመት እናት ጂም መጡ እንበል። መድኃኒቱ ልባቸው እንደ ልብ እንዳይፈጥን ይይዘዋል። አሠልጣኙ ግን ቀመሩን አምኖ «ምቱ ገና አልደረሰም፣ ይጨምሩ!» ቢላቸው ከአቅማቸው በላይ ሊገፋቸው ይችላል። የተማረ አሠልጣኝ መጀመሪያ ስለ መድኃኒት ይጠይቃል። ከዚያ እየሠሩ ማውራት ይችሉ እንደሆነ ያያል፤ ወይም ጉናር ቦርግ ባዘጋጀው፣ ከ6 እስከ 20 በሚቆጥረው የድካም መለኪያ ራሳቸው ድካማቸውን እንዲናገሩ ያደርጋል።

እንግዲህ ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ፈተናው «የ45 ዓመት ሰው ከፍተኛ የልብ ምት ስንት ነው?» ብሎ፣ 175 ላለ ሁሉ ሙሉ ማርክ ሰጥቶ ካለፈ፣ አራት ዓመቱ ስልክ ላይ ያለ አፕ ከሚሠራው አይበልጥም። «ይህ ቁጥር ለማን አይሠራም? ለምን?» ብሎ ከጠየቀ ግን ዲግሪው ዋጋ አለው። ገብታችሁ መምህራችሁ ይህን ካልጠየቋችሁ፣ እናንተ ጠይቋቸው።