ማዕድን በእግር በኩል፦ ስለ ዝሆኔ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲመረመር

ማዕድናትና የቆዳ ጤንነት በተነሡ ቁጥር የጤና ባለሙያው አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ጉድለት ነው፤ ዚንክ ያነሰው ሕፃን በአፉ ዙሪያና በመቀመጫው ይቆስላል፣ ጠጉሩ ይሳሳል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል። የኧርነስት ፕራይስ መጽሐፍ የሚያነሣው ግን በምግብ ሳይሆን በባዶ እግር በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባው ማዕድን ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ይህ ሥራ፣ ደራሲው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ያካሄደውን የብዙ ዓመታት ጥናት ያጠቃልላል። ርእሱም ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በፊላሪያ ትል የማይመጣው ዝሆኔ ነው።

የፕራይስ ትልቁ አስተዋጽኦ በሽታውን ከአፈሩ ጋር ማያያዙ ነው። ሕመሙ የሚታየው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ የሸክላ አፈር ባለባቸው፣ ከፍታቸው ከ1000 ሜትር፣ የዓመት ዝናባቸውም ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ነው። የመጀመሪያ ምልክቶቹን፣ ይኸውም የእግርን ማሳከክና ማቃጠል፣ ሌሊት የሚጎድለውን እብጠት፣ ለይቶ ማሳየቱም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ እጅግ ይጠቅማል።

የምክንያት ትንተናው ግን ጥያቄ ያስነሣል። በበሽተኞች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የተገኙት ሲሊከንና አሉሚኒየም ያዘሉ ቅንጣቶች በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ጤነኞችም ዕጢ ውስጥ ተገኝተዋል። እንግዲያው የማዕድኑ መኖር ብቻውን በሽተኛውን ከጤነኛው አይለየውም። ፕራይስ በሽታው በቤተሰብ እንደሚደጋገም አስተውሎ ነበር፤ የዘረመል ማስረጃው የመጣው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ከኤችኤልኤ ጂኖች ጋር ያለውን ዝምድና ባሳየ ጊዜ ነው። ይህንን ሳይጨምሩ መጽሐፉን ብቻ ማንበብ፣ ጎረቤቴ በዚሁ ጭቃ እየሠራ ለምን አልታመመም ለሚል በሽተኛ መልስ ያሳጣል። በአንጻሩ ዘረመሉን ብቻ ማንሣት «ከዚያ ቤት አትጋቡ» ለሚለው መገለል ማመካኛ ይሆናል፤ የበለጠ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ተጋላጭ የሆነ ሰው እንኳ እግሩን ከአፈሩ ከጠበቀ ከበሽታው ሊድን እንደሚችል ለቤተሰቡ በግልጽ መነገር አለበት።

አስቀድሞ ለታመመውም ተስፋ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት፣ እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ በአንድነት ሲሰጡ ድንገተኛ የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምክሩ ግን ዝርዝር ይፈልጋል፤ አርሶ አደሩ ጫማውን ለገበያና ለበዓል አኑሮ በክረምት ማሳው ውስጥ በባዶ እግሩ የሚያርስ ከሆነ፣ ጫማው ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚያው ሰዓት መሆኑን ልንነግረው ይገባል።