«ተመሳሳዩ ገመድ»፦ በአንድ የሞኒተር መመሪያ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ለቤት ኮምፒዩተር የሚያገለግል ሞኒተር የአጠቃቀም መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ረቂቁን እንድንመረምር ቀርቦልን ነበር። አማርኛው በአመዛኙ የጠራ፣ ዐረፍተ ነገሩም ያልተንዛዛ በመሆኑ የተርጓሚው ድካም የሚመሰገን ነው። ሆኖም ረቂቁ ሊያስረዳ ከተነሣበት ዋና ጉዳይ ላይ ሲደርስ፣ ይኸውም ሞኒተሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር በአናሎግ ወይስ በዲጂታል መስመር ማገናኘት እንደሚሻል ሲያብራራ፣ በሦስት ስያሜዎች ምክንያት አንባቢውን ያሳስታል። «አናሎግ»ን «ተመሳሳይ»፣ «ዲጂታል»ን «ዘመናዊ» ይላል፤ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ደግሞ አንድ አድርጎ «መለወጫ» ይላቸዋል። ሦስቱን በየተራ እንመለከታለን።

1. «ተመሳሳይ»

ረቂቁ «ተመሳሳዩን ገመድ ከሞኒተሩ ጋር ያገናኙ» ሲል አንባቢው «ከምኑ ጋር ተመሳሳይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። ተርጓሚው የቃሉን ዘመድ በጠቅላላ መዝገበ ቃላት ፈልጎ ያገኘውን ፍቺ እንዳለ ወስዶታል። የግሪክኛው መነሻ ግን ከመምሰል ይልቅ መመጣጠንን ያመለክታል፤ በመሣሪያው ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቪጂኤ በሚባለው የአናሎግ መስመር ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ሽቦ ተመድቧል። የቀለሙ ድምቀት በጨመረ ቁጥር በሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ0 እስከ 0.7 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ከፍ ይላል፤ ድምቀቱ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። በዲጂታሉ መስመር ግን የሚተላለፈው የድምቀቱ ቁጥር ነው።

ልዩነቱን ለማስረዳት ከራሳችን ልማድ ምሳሌ አናጣም። ቀደምት ሰዎች የቀኑን ሰዓት ለማወቅ የገዛ ጥላቸውን በጫማ ይለኩ ነበር። ጥላው ከፀሐይዋ ጋር ሳያቋርጥ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ይህ አናሎግ ነው። ለኪው በእግሩ ሰፍሮ «ሰባት ጫማ» ባለ ጊዜ ጥላው ቁጥር ሆነ፤ ይህ ዲጂታል ነው። ከሰባት የተረፈችው ቅንጣት ተጥላለች። በአንጻሩ ግን «ሰባት» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አሥረኛው ሰው ዘንድም ሰባት ሆኖ ይደርሳል። የጥላው ርዝመት በእንጨት እየተለካ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ኖሮ እያንዳንዱ ለኪ ጥቂት ጥቂት ባጎደለ ወይም በጨመረ ነበር። የሁለቱ መስመሮች ጥቅምና ጉዳት በዚህ ምሳሌ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

2. «ዘመናዊ»

ሁለተኛው ስያሜ ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ሲያነቡት ስሕተት አይመስልም። በዕለት ንግግር «ዲጂታል» የሚለው ቃል የሙገሳ ቃል ወደ መሆን አዘንብሏል። ነገር ግን የነገሩ ታሪክ ይህን አይደግፍም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ሲጂኤ ለቀለም ሞኒተር ያዘጋጀው መስመር ዲጂታል ነበር። አራቱ የቀለም ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ወይ በርተው ወይ ጠፍተው የሚገኙ በመሆናቸው ሊሰጡ የሚችሉት 16 ቀለም ብቻ ነው። በ1984 የወጣው ኢጂኤ ሽቦዎቹን ስድስት በማድረግ ምርጫውን 64 አደረሰ። በዚሁ መንገድ መቀጠል ሽቦ ማብዛት ስለሚሆን በ1987 የወጣው ቪጂኤ ወደ አናሎግ ተሻገረ፤ በሦስት ሽቦ ብቻ ከ262,144 ቀለማት መካከል ለመምረጥ አስቻለ። እንግዲህ በዚያ ዓመት ዘመናዊው አናሎጉ፣ አሮጌው ዲጂታሉ ነበር። በ1999 የወጣው ዲቪአይ፣ በ2002 የወጣው ኤችዲኤምአይ፣ በ2006 የወጣው ዲስፕሌይፖርት ነገሩን መልሰው ገለበጡት። ኢንቴልና ኤኤምዲን ጨምሮ የተለያዩ ኩባንያዎች በ2010 መጨረሻ ቪጂኤን እስከ 2015 እንደሚተዉ ያስታወቁትም ከዚህ በኋላ ነው። በዘመን የተሰየመ ነገር ዘመኑ ሲያልፍ ስሙ ሐሰት ይሆናል።

ረቂቁ ከዚህ ስያሜ ተነሥቶ «ዘመናዊው መስመር ምንጊዜም የተሻለ ምስል ይሰጣል» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ይህም በከፊል ብቻ እውነት ነው። የጠፍጣፋ ሞኒተር ነጥቦች ቁጥራቸውም ቦታቸውም የተወሰነ ነው። ኮምፒዩተሩ ምስሉን የሚይዘው በቁጥር ስለሆነ፣ በቪጂኤ ሲገናኙ ቁጥሩ በኮምፒዩተሩ በኩል ወደ ቮልቴጅ፣ በሞኒተሩ በኩል ደግሞ ከቮልቴጅ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በዚህ ሁለት ጊዜ መለወጥ የፊደላት ጠርዝ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ለጠፍጣፋው ዲጂታሉ ይመረጣል። የድሮው ባለ ትልቅ ቱቦ ሞኒተር ግን በባሕርዩ ቮልቴጅን ተከትሎ የሚሠራ ስለሆነ አናሎጉ መስመር ለእርሱ ጉድለት አይደለም። ገመዱ ሲረዝምም ሁለቱ የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ ነው። አናሎጉ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ዲጂታሉ እስከ አንድ ወሰን ድረስ አንዳችም ሳይጎድልበት ቆይቶ ከዚያ በኋላ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

3. «መለወጫ»

ሦስተኛው ስሕተት የገዢውን ኪስ የሚነካ ነው። ረቂቁ የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ የሚያስማማውን ዕቃና ሲግናሉን ራሱን የሚለውጠውን ዕቃ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ከዲቪአይ ዓይነቶች አንዱ፣ ዲቪአይ-አይ፣ የአናሎጉንም የዲጂታሉንም ሽቦ አጣምሮ ይይዛል፤ ስለዚህ ወደ ቪጂኤ ለማሻገር ቅርጽ የሚያስማማ ርካሽ ዕቃ ይበቃዋል። ዲቪአይ-ዲ እና ኤችዲኤምአይ ግን የአናሎግ ሽቦ የላቸውም፤ ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ የኤሌክትሮኒክ ክፍል የግድ ያስፈልጋል። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ገዝቶ አሮጌውን የቪጂኤ ሞኒተር ሊጠቀምበት ያሰበ ሰው፣ በረቂቁ ተመርቶ «መለወጫ» ሲገዛ የሚያገኘው ቅርጽ የሚያስማማውን ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀርበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው «አስማሚ»፣ ሁለተኛው «መለወጫ» ተብለው እንዲለዩ እንጠይቃለን።

ከሦስቱ ሌላ ሁለት ጥቃቅን ነገሮችን እናንሣ። «ወደብ» የሚለው ስያሜ በኮምፒዩተር ጽሑፎች ስለተለመደ አንቃወመውም፤ ለቤት ተጠቃሚ ግን «መሰኪያ» ይቀለዋል። የስክሪኑን ነጥቦች ብዛት፣ ለምሳሌ 1920 በ1080 የሚለውን፣ «ጥራት» ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ነጥቡ ብዙ ሆኖ ምስሉ የደበዘዘ ሊሆን ይችላልና «የነጥብ ብዛት» ይባል።

4. ምን እንበላቸው?

ለ«አናሎግ» የሚቀርቡት አገርኛ ቃላት እያንዳንዳቸው በሌላ ሥራ ተይዘዋል። «ተመጣጣኝ» ለትርጉሙ እጅግ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን «ተመጣጣኝ ገመድ» ቢባል ገበያተኛው የሚረዳው ዋጋው የማይጎዳ ገመድ መሆኑን ነው። «ቀጣይ» የሚመጣውን፣ «አምሳያ» ደግሞ የሌላ ነገር ቅጂ የሆነውን ያስታውሳሉ። ለ«ዲጂታል» ግን «አኃዛዊ» የሚል መልካም ቃል አለን። የላቲኑ ቃል መነሻ ጣት ነው፤ ሰው በጣቱ ይቆጥራልና። የእኛው «አኃዝ» ከግእዙ «አኀዘ»፣ ማለትም «ያዘ» ከሚለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የሚያመልጠውን መጠን በቁጥር መያዝ ለሚለው ሐሳብ ከዚህ የሚስማማ ቃል ማግኘት ያስቸግራል።

በቃል ስያሜ ሥራ አስቀድሞ ከአማርኛና ከግእዝ መፈለግ የተለመደ ሥርዓት መሆኑን አንዘነጋም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት ጥንድ ናቸው። አንዱን በአገርኛ፣ ሌላውን በውሰት ብናስቀምጥ አንባቢው ተቃራኒነታቸውን አያይም። ስለዚህ በመመሪያና በመሰል ጽሑፎች «አናሎግ» እና «ዲጂታል» ሁለቱም በውሰት እንዲቆዩ፣ «አኃዛዊ» ደግሞ በመዝገበ ቃላት ከ«ዲጂታል» ጎን እንዲሰፍርና በሳይንስ ጽሑፎች እንዲለመድ ሐሳብ እናቀርባለን። ውሰት የሚያስነቅፈው ፍቺ ሳይሰጠው የቀረ እንደሆነ ነው።

በዚህ መሠረት የረቂቁ አንቀጽ እንደሚከተለው ቢታረም ይበጃል፦ «ሞኒተሩ ጠፍጣፋ ከሆነና በኮምፒዩተሩም በሞኒተሩም ላይ ዲጂታል መሰኪያ ካለ፣ ምስሉን በቁጥር በሚያስተላልፈው በዲጂታል ገመድ ያገናኙ። ከሁለቱ አንደኛው አናሎግ መሰኪያ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚያስፈልግዎ አስማሚ ወይስ መለወጫ መሆኑን ያረጋግጡ።» ይህ አንቀጽ ከቀድሞው በጥቂት ቃላት ይረዝማል፤ ነገር ግን አንብቦት ወደ ገበያ የወጣ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመለሳል።